የጫሞው ሰውዬ

ባለፈው ሰሞን የቤታችን ቴሌቪዥን ቀለሙ ጠፋበት። ድምፁ አለ፣ ምስሉም አለ፤ ቀለሙ ብቻ ሄዶ ሁሉ ነገር አመድ መሰለ። ልጆቼ ጮኹ። እኔ ግን ሽንኩርት የምከትፍበትን ቢላ እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስክሪኑ ላይ ውሃ ነበር። የየት አገር ውሃ እንደሆነ አላውቅም፤ ግራጫ፣ ማዶው የማይታይ፣ ጭጋግ የተኛበት ውሃ። ወዲያው እርጥብ መረብ ሸተተኝ። ቤታችን መረብ ገብቶበት አያውቅም፤ ግን ሸተተኝ፤ የዓሣ ቅርፊት፣ የጭቃና የአባቴ ላብ አንድ ላይ።

ባለቤቴ "ነገ ጠጋኝ እጠራለሁ" አለ።

"ግዴለም፣ ጥቂት ቀን ይቆይ" አልኩት።

ለምን እንዳልኩ አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝም ባጭሩ የሚነገር አልነበረም። ለእናንተ ግን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ያኔ የምንኖረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ገና የታችኛው ክፍል ተማሪ ነኝ። ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ነበረ፤ ፍሬው ቆርቆሮው ላይ ዱብ ባለ ቁጥር ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይደነግጥና መልሶ ይስቃል። አባቴ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። እናቴ የገረሴ ልጅ ናት፤ የደጋ ሰው፣ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ድምፅዋ ከሁሉ የሚለይ። ሐይቁን ከሩቅ ካልሆነ በቀር አይታው አታውቅም፤ ለማየትም አትጓጓም ነበር። "ውሃ ከምንጭ ሲቀዳ ነው የሚያምረው" ትላለች። ከጓሮ ያለችውን ክፍል ደግሞ ውሃ ምህንድስና ሊማር ከወሎ የመጣ ተማሪ ተከራይቷት ነበር።

አባቴ አንድ ታንኳ አብሮት የሚቀዝፍ ጓደኛ ነበረው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ሳቁ ከአጥር ውጭ ይሰማል። አማርኛን የተማረው ከገበያ ስለነበር ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርገዋል፤ እኔንም "አንተ ልጅ፣ ና እስኪ" እያለ ይጠራኛል። ስንስቅበት አብሮን ይስቃል። እሱ ባለበት የሚፈራ ሰው አይገኝም ነበር።

አባቴና ጋሼ ከሐይቅ ተመልሰው ግቢ ውስጥ ሲቀመጡ የሚያወሩት በጋሞኛ ነው። በወሬያቸው መሃል ግን አንድ የአማርኛ ቃል ብቻ ጥልቅ ይላል፤ "ሰውዬው"።

"ሰውዬው ዛሬ አልታየም።"

"ትላንት መረቡን የቀደደው ሰውዬው ነው።"

"ዛሬ ሰውዬው ጎናችን ተነሳች!" ይላል ጋሼ እኛን ሲያይ በዚያ አማርኛው፤ ወዲያው ሁለቱም ወሬ ይለውጣሉ።

ሰውዬው የሚሉት አዞውን ነው። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ጫሞ ላይ የሚውሉት የእነ አባቴ ጓዶች ውሃ ላይ ሆነው አዞን በስሙ አይጠሩትም፤ ስሙን የጠራ ራሱን ጠራው ይባላል። በጋሞኛ ሌላ ስም እንዳያወጡለት ደግሞ የአገሩ ልጅ ነውና ጋሞኛ ይሰማል። አማርኛ ግን አያውቅም። ስለዚህ በማያውቀው ቋንቋ ሰውዬው አሉት፤ አፋቸው ስለለመደም ቃሉ ከሐይቅ ወደ ቤት አብሯቸው መጣ።

አዞን እኔም አውቀው ነበር። የአርባ ምንጭ ልጅ አዞ አላውቅም ቢል ማን ያምነዋል? ሐይቁ ዳር ተደርድረው ፀሐይ የሚሞቁበትን ቦታ የአዞ ገበያ ሲሉት ሰምቼ፣ ምን ይሆን የሚሸጡት ብዬ እናቴን የጠየቅሁ ልጅ ነኝ። ሰውዬውን ግን በቃ ሰው አድርጌ ነበር የማውቀው። ባርኔጣ የደፋ፣ ሆዱ የገፋ፣ ዓሣ አጥማጆችን የሚቆጣጠር አንድ ዘበኛ። መረብ መቅደዱም የዘበኛ ሥራ መስሎኝ አልገረመኝም።

ታዲያ አንድ ቀን ተማሪው ከቤተሰቡ የተላከለትን የቪዲዮ ካሴት ይዞ መጣ። ላዩ ላይ ምንም ጽሑፍ የለበትም። "ይህ ፊልም የተሠራው አባቴ ሳያገባ በፊት ነው" አለኝ፤ ዓይኑ ያበራ ነበር። "ጥቁርና ነጭ ነው። የዱሮ ሰዎች ማስፈራት ያውቁበት ነበር።" ለቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሊያውሰው ነው፤ እኔንም ይዞኝ ለመሄድ አባቴን አስፈቀደ። ለእናቴ አልነገርናትም። ለእሷ ቪዲዮ ቤት የዓለም ነገር ነው፤ የዳነ ሰው ልጅ እግሩን አያስገባበትም።

ቪዲዮ ቤቱ ከገበያው ጀርባ ያለ የጭቃ ቤት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ውስጡ ግን መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ስለተሸፈኑ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። ወበቁ፣ የኦቾሎኒው ገለባ፣ የእግር ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ባለ ቪዲዮው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቀርከሃ ይዞ ይቆምና ቋንቋውን የማያውቀውን ፊልም ሁሉ ይተረጉማል። ለእሱ ዋናው ተዋናይ፣ ማንም ይሁን ማን፣ "ሰውዬው" ነው።

ፊልሙ ሲጀምር ቤቱ ተንጫጫ። "ባለ ቪዲዮ፣ ቀለሙን አምጣው እንጂ!"

"ቀለም የለውም፤ ሲሠራም እንዲሁ ነው" አለ ተማሪው።

"ታዲያ ለለቅሶ ነው እንዴ የሠሩት?" አለ አንዱ፤ ሳቅ ሆነ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

መጀመሪያ የመጣው ውሃ ነው። የጫሞ ዓይነት ውሃ፤ ንጋት ላይ ፀሐይ ሳትወጣ እንደሚሆነው ያለ። አንዲት ትንሽ ጀልባ አለች፤ ሁለት ሰዎች መረብ ይስባሉ። ሙዚቃም የለም፤ ውሃው ጀልባዋን ቸብ ቸብ ሲያደርጋት ብቻ ይሰማል። ከዚያ ውሃው ትንሽ እብጥ አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። እብጥ አለና ተመልሶ ተኛ። አንደኛው ሰው መሳቡን አቆመ። ቀጥሎ ስናይ ጀልባዋ የለችም፤ መቅዘፊያው ብቻ ውሃው ላይ ቀስ እያለ ይዞራል።

ቤቱ ውስጥ ኦቾሎኒ የሚፈለፍል ሰው ጠፋ።

ያ መቅዘፊያ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። አውሬውን አላሳዩንም እኮ። ለረጅም ጊዜ አላሳዩንም፤ ውሃና ጥላ ብቻ፤ ውሃውም ግራጫ፣ እሱም ግራጫ፣ የቱ ጋ ውሃው አብቅቶ የቱ ጋ እሱ እንደሚጀምር አይለይም። ዓይኔን አፍጥጬ እያንዳንዱን ሞገድ እጠረጥር ጀመር። በመጨረሻ ኮረብታ የሚያህል ጀርባ ከውሃው ቀና ሲል ባለ ቪዲዮው በቀርከሃው ቴሌቪዥኑን መታ መታ አድርጎ ጮኸ።

"ሰውዬው ተነሳ! ሰውዬው ተነሳ!"

ባርኔጣ የደፋው ዘበኛ በአንድ ጊዜ ከራሴ ውስጥ ጠፋ። መረብ የሚቀድደው፣ ታንኳ ጎን የሚነሳው፣ አባቴና ጋሼ ስሙን ጠርተው ወሬ የሚለውጡለት፣ ለካ እሱ ነው። ጫሞ ውስጥ ያለው እሱ ነው። አባቴ ጎሕ ሲቀድ እየተነሳ የሚሄደው ወደሱ ነው።

የቀረውን ፊልም ያየሁት በጣቶቼ መሃል ነው። ከተማ ገብቶ የመብራት ምሰሶ ሲነቅል፣ ሰው እንደ ጉንዳን ሲበተን ሌሎቹ ይጮሃሉ፤ እኔን ግን ከተማው አላስጨነቀኝም። እኔ ገና ያቺ ጀልባ ላይ ነበርኩ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጋሼን ግቢ ተቀምጦ አገኘነው። ለአባቴ በዚያ አማርኛው እንዲህ ሲል ሰማሁት፤ "ሰውዬው ትላንት ትልቅ ሆነች።" ከዚያ ወዲያ እህል አልቀምስ አልኩ። ትኩሳት ያዘኝ። ሌሊቱን አባቴ ሲገላበጥ አልጋው ሲጮህ እሰማለሁ፤ ንጋት ላይ የበሩ መቀርቀሪያ ሲሳብ ተነስቼ እከተለዋለሁ። እስኪመለስ ድረስ ከግቢው በር ንቅንቅ አልልም። ከጫሞ ዓሣ የጫነ ፒካፕ ባለፈ ቁጥር የሰዎቹን ፊት አያለሁ፤ ክፉ ወሬ ይዘው እንደሆነ ከፊታቸው ለማወቅ። ተማሪው ሲያየኝ ሁኔታዬ ገርሞት "አመመሽ እንዴ?" ይለኛል። ትኩሳት ነው እለዋለሁ። የሰውዬውን ስም መጥራት ራሱ አስፈርቶኝ ነበር።

አንድ ቀን ንጋት ላይ የአባቴ እግር ላይ ተጠመጠምኩ። "አባዬ፣ ዛሬ አትሂድ።" ሳቀና ራሴን ዳበሰኝ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቆ ሄደ። በሩ ሲዘጋ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። እናቴ ከመኝታዋ ተነስታ መጣች።

"ምን ሆነሻል የኔ ልጅ?"

"ሰውዬው አባዬን ሊገድለው ነው።"

እናቴ ፊቷ ተለወጠ። "የቱ ሰውዬ?"

"ጫሞ ያለው።"

"ማን ነገረሽ?"

"ጋሼ ራሱ አይቶታል። ጎናቸው ሲነሳ አይቶታል። መረቡንም እሱ ነው የቀደደው።"

እንግዲህ ሰውዬው የሚለውን ቃል እሷም እንደኔው ስትሰማው ነው የኖረችው። እሷም እንደኔው ሰው አድርጋው ነበር። በዚያ ወር ደግሞ አጥማጆቹ በመረብ ቦታ ተጣልተው ሁለት ሰዎች መደባደባቸውን ሰምታለች። ባሏን ቄጤማ ውስጥ አድፍጦ የሚጠብቅ ባለጋራ አለ ማለት ነው! "የፈሩት ይደርሳል" አለችና ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ ወጣች። ጥቂት ቆይታ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌና የሠፈራችንን ወንዶች አስከትላ ተመለሰች። ዱላ የያዘ አለ፤ አንዱ መጥረቢያ ይዟል። ሽማግሌው ዱላውን በአንድ እጅ፣ መጽሐፉን በአንድ እጅ ይዘዋል። ተማሪውም ነገሩ ሳይገባው ከኋላ ተከተለ። በዓሣ ፒካፕ ጀርባ ተጭነን ወደ ጫሞ ወረድን። እኔን የወሰዱኝ ሰውዬውን እንዳሳያቸው ነው።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠነከረችም። ውሃው ግራጫ ነበር። የፊልሙ ውሃ ነበር፤ ምንም ልዩነት የለውም። ሩቅ አንድ ጉማሬ አንኮራፋና ዝም አለ። ሌሎች አጥማጆች ዓሣ ያራግፋሉ፤ የአባቴ ታንኳ ግን የለችም። እናቴ "ባሌስ? ባሌን አላያችሁም?" እያለች ከአንዱ ወደ አንዱ ትሮጣለች። "አልወጡም፤ ወደዚያ ናቸው" ይሏታል፤ ወደ ባዶው ውሃ እያሳዩ። እኔ የምፈልገው መቅዘፊያ ነበር። ዓይኔ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ፣ ቀስ እያለ የሚዞር መቅዘፊያ ይፈልጋል፤ እንዳላገኘውም እጸልያለሁ። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ልጆች ወልጃለሁ፣ በሽታም አይቻለሁ፤ እንደዚያ ግን ፈርቼ አላውቅም።

ብዙ ቆይቶ ከቄጤማው ጀርባ የታንኳዋ አፍንጫ ብቅ አለ። አባቴ ከፊት፣ ጋሼ ከኋላ። ዱላ የያዘውን ሕዝብ ሲያዩ መቅዘፋቸውን አቆሙ።

"ምን ሆናችኋል?" አለ አባቴ ከሩቅ።

ሽማግሌው ዱላቸውን ከፍ አድርገው ጮኹ፤ "ሰውዬው የታለ? አሳዩንና እናነጋግረው!"

ጋሼ ደንግጦ እጁን አፉ ላይ አደረገ። "ቀስ በሉ! አትጩሁ! እዚያ ነች" አለ በሹክሹክታ፤ ከእኛ ብዙም የማይርቅ ውሃ እያሳየ። ሁላችንም ዞርን። ምንም የለም። አንድ ጥቁር ግንድ ብቻ ተንሳፍፏል። ባለ መጥረቢያው "የቱ ጋ?" እያለ ወደ ውሃው ሁለት እርምጃ ገባ። ግንዱ ያኔ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ሰጠመ።

ባለ መጥረቢያው ከውሃው እንዴት እንደወጣ እኔ አላየሁም፤ መጥረቢያውን ግን ከጭቃው ውስጥ ያወጡለት ሌሎች ናቸው። ሰውዬው የተባለው አዞ መሆኑ ሲገለጥ አገር በሳቅ ተንከተከተ። ሽማግሌው ራሳቸው ዱላቸውን ተደግፈው ሳቁ። ያልሳቅነው እናቴና እኔ ነን። እናቴ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። አባቴ ከታንኳዋ ወርዶ ሲጠጋት ቀና ብላ አየችውና "በየቀኑ እዚህ ነው የምትመጣው?" አለችው። እጁን ሰጥቶ አስነሳት። ተማሪው ግን እኔን አየኝ፤ ትኩሳቴ ከየት እንደመጣ የገባው ያኔ ነው።

አባቴ በዚያ ቀን አልተቆጣኝም። "ልጄን እንዲህ ያስፈራትን ነገር ልየው" አለ እንጂ። ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ፣ ጋሼ፣ ተማሪውና እኔ ቪዲዮ ቤቱ ገባን። እናቴ ይህን ጊዜ አውቃለች፤ "እኔ ምንም አላየሁም" ብላ ፊቷን አዞረች።

አባቴ ፊልም ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ያ ግራጫ ውሃ ሲመጣ አጠገቤ የነበረው ሰውነቱ ግትር አለ። ጋሼ ግን ተነስቶ ቆመ።

"ተው፣ መረቡን ተው!" ይላል ለፊልሙ ሰዎች። "ወደ ቄጤማው! ወደ ቄጤማው ቅዘፊ፣ አንተ ሞኝ!"

ሰው ሁሉ ይስቅበታል፤ እሱ ግን ከልቡ ነው። ጀልባዋ ስትጠፋ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። "ነገርኳቸው እኮ" አለ። መቅዘፊያው ሲዞር የአባቴን እጅ እጄ ላይ አገኘሁት፤ እኔን ሊያጽናና ያደረገው መስሎኝ ነበር።

ስንወጣ ፀሐዩ ዓይናችንን አጨናበሰው። ተማሪው ጎንበስ ብሎ አነጋገረኝ። "የኔ እህት፣ አውሬው እውነተኛ አይደለም። ከጎማ የተሠራ ልብስ ነው፤ ውስጡ ሰው አለ። ሰው ነው ለብሶት የሚራመደው።"

"ሰው?" አለ አባቴ።

"አዎ፣ ሰው።"

አባቴ ቆሞ አሰበ፤ ከዚያ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው በማላውቀው ሳቅ ሳቀ። "እንግዲያው እውነትም ሰውዬ ነዋ!"

እኔም ሳቅሁ። ሳቅሁና ሰውነቴ ሁሉ ቀለለኝ። በልጅ አእምሮዬ ሌላ ስሌት ሠርቼ ነበር፤ የፊልሙ ሰውዬ ውስጥ ሰው ካለ፣ የጫሞውም ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው። ግንድ መስሎ ይንሳፈፋል፣ ሲመሽ ልብሱን አውልቆ ቤቱ ይገባል። ሰው ከሆነ ደግሞ ይለመናል፤ አባቴንም በስሙ ያውቀዋል። በመንገድ ላይ ይህንኑ ለአባቴ ነገርኩት። ተማሪው ሊያርመኝ አፉን ሲከፍት አባቴ በዓይኑ ዝም አሰኘው።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ከሐይቅ ሲመጣ በሩ ላይ እጠብቀውና "ሰውዬው ተነሳ?" እለዋለሁ።

"ተነስቷል። ሳሮ ብሎሻል" ይለኛል። ሳሮ የጋሞኛ ሰላምታ ነው።

"አንቺስ ሳሮ በይው" እላለሁ ጋሼን ለማብሸቅ፤ እሱም "እሺ አንተ ልጅ፣ እነግራታለሁ" ይላል። እንዲህ እየተባባልን ብዙ ዝናብና ብዙ በጋ አለፈ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። "ዘንድሮን ብቻ፣ ከዚያ ተወው" ትለዋለች፤ ምዕራብ ዓባያ ዘመድ አለን፣ ሙዝ እንትከል ትለዋለች። "እሺ" ይላታል። "ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" ትላለች፤ ይህንንም "እሺ" ይላታል። እኔም ፍርሃቱ ባይኖርብኝም የእናቴን ዓይን እያየሁ አብሬያት እለምነው ነበር።

ቴሌቪዥናችን ቀለሙ የጠፋበት ዕለት ማታ የዚያን ፊልም ዓይነት አንድ የዱሮ ፊልም ከስልኬ ፈልጌ ለልጆቼ ከፈትኩላቸው። ያን ከተማሪው ጋር ያየነውን አላገኘሁትም፤ ወንድሙ ነው ቢባል ይቀላል። ልጆቼ በኮምፒዩተር የተሠሩ፣ ቅርፊታቸው ሳይቀር አንድ በአንድ የሚቆጠር አውሬዎች እያዩ እንጀራቸውን የሚበሉ ናቸው። "እማ፣ ይሄ ጎማ ነው እኮ!" ብለው ተሳሳቁ። ጎማ እንደሆነማ እኔም አውቃለሁ። ግን ውሃው እብጥ ሲል ትንሹ ልጄ ወደኔ ተጠጋ፤ ትልቋም መሳቋን ተወች። የዛሬዎቹ ሁሉን ያሳዩሃል፤ አይተህ ትጨርሰዋለህ። ያ ግራጫ ግን የራስህን ፍርሃት እንድትጨምርበት ቦታ ይተውልሃል፤ እያንዳንዱም ያለውን ይጨምራል። እኔ የጨመርኩት አባቴን ነበር።

የመጨረሻውን እንግዲህ ልንገራችሁ። አድጌ ቁመቴ የእናቴን ትከሻ አልፏል፤ ቀትር ነበር። አባቴ ብቻውን መጣ። መረብ አልያዘም፤ ልብሱ ከደረቱ በታች ውሃ ነው። ስለለመደብኝ ብቻ፣ ልጅነቱ ካለፈኝም ቆይቶ፣ "ሰውዬው ተነሳ?" አልኩት።

እንዳልሰማኝ ሆኖ አለፈኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እናቴ ከውስጥ ወጣች፤ ለእሷ የጋሼን ስም ጠራላትና ቀጥሎ በጋሞኛ "አዞ ወሰደው" አላት። ከአፉ ይህ ስም ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ ይስማኝ እንደሚል ሰው።

እናቴ እጇን ራሷ ላይ አደረገች። ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ጋሼ ቤት ሮጠች፤ ቆይቶ ጩኸቷ እስከ ግቢያችን ተሰማ። ጎረቤቱ ሁሉ ወደዚያው ወጣ። አባቴ መነሳት አልቻለም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ ጎማው ልብስም፣ ውስጡ አለ ስላልኩት ሰውም አላወራንም፤ አንዳቸውም እንዳልነበሩ ማንም ሳይነግረኝ ያን ጊዜ አወቅሁ።

"ከእንግዲህ አልሄድም" አለኝ። "ታንኳዋን እዚያው ትቻታለሁ።"

ስንት ዓመት የለመንኩትን ቃል ሰማሁ። ደስ አላለኝም።

"አባዬ፣ ፈርተህ ነበር?"

"ዛሬ?"

"ሁልጊዜ።"

"በየቀኑ ልጄ" አለ። "አንቺ ስትስቂልኝ ነበር ደፍሬ የምሄደው።"

እጁን ያዝኩት። ገና አልደረቀም ነበር።